የመሣሪያ እጀታ ዘይት ይቀባ ወይስ ቫርኒሽ?

ለጉብኝቱ ቀን የእርሻ መሣሪያ ግምጃ ቤቱን አሳምሩ በተባልን ጊዜ፣ የዶማውን ዛቢያ፣ የአካፋውንና የመጥረቢያውን እጀታ ሁሉ ቫርኒሽ የለበጥነው እኛ ነን። እውነቱን ለመናገር አምረው ነበር። ግድግዳው ላይ ተደርድረው ሲታዩ እንደ አዲስ ጠረጴዛ ያብረቀርቁ ነበር፤ እንግዶቹም አይተው አመስግነውናል። በሦስተኛው ቀን ግን የአትክልት ቦታውን ልንቆፍር ወጣንና አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከቡድናችን የግማሹ እጅ ውኃ ቋጠረ። ይህ ሳያንስ፣ በዚያው ዕለት ወደ ማታ ለወጥ ቤት እንጨት ሲፈለጥ፣ የአንዱ መጥረቢያ ራስ ከእጀታው ወልቆ ከጓደኛችን ጉልበት አንድ ክንድ ያህል ርቆ ወደቀ። አንስተን ብናየው፣ ለካ ቫርኒሹ በብረቱና በእንጨቱ መካከል የነበረውን ክፍተት ሞልቶት፣ የላላውን የጠበቀ አስመስሎት ኖሯል።

ጓደኛችን ምንም አልሆነም። እኛ ግን ደንግጠናል። ከዚያን ቀን ወዲህ የእጅ ሥራ መምህራችንን እየጠየቅን፣ የከተማውን አናጺዎች ሥራ እያየን፣ ራሳችንም እየሞከርን ቆይተናል። የደረስንበትን እዚህ የምንጽፈው ለግምጃ ቤቱ ብለን ብቻ አይደለም። ነገ በየአካባቢው ስንመደብ ከመካከላችን ብዙዎቻችን አርባ ልጅ አስከትለን ወደ ትምህርት ቤት ጓሮ መውጣታችን አይቀርም። ዶማውን የምንሰጠው ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። የልጅ መዳፍ ደግሞ እንደ ገበሬ መዳፍ የጠነከረ አይደለም።

በመጀመሪያ የሁለቱን ልዩነት እንይ። ዘይት ወደ እንጨቱ ይገባል፤ ቫርኒሽ ከእንጨቱ በላይ ይቀመጣል። ነገሩ ባጭሩ ይኸው ነው። ቫርኒሽ በጥንቱ አሠራር ሙጫ፣ የሚደርቅ ዘይትና ማቅጠኛ ተደባልቀው የሚሠራ ነው፤ ዛሬ በሱቅ የሚገኘው በአብዛኛው በፋብሪካ ሙጫ፣ ለምሳሌ በፖሊዩሬቴን የተሠራ ነው። ማቅጠኛው ተንኖ ሲያልቅ ሙጫው ልክ እንደ ቆዳ ሆኖ እንጨቱን ይለብጠዋል። እጃችን የሚነካው እንግዲህ እንጨቱን ሳይሆን ያንን ቆዳ ነው። በዘይት የታሸ እጀታ ግን ሲነካ እንጨት እንጨት ይላል፤ ዘይቱ የገባው በእንጨቱ ቃጫዎች መካከል ስለሆነ ነው።

ዘይት እንዴት ሊደርቅ ይችላል የሚል ጥያቄ ይነሣል። እኛም ጠይቀን ነበር። ውኃ የሚደርቀው ተንኖ ነው፤ ዘይት ግን አይተንም። መልሱን ለማግኘት ብዙ ርቆ መሄድ አያስፈልግም፤ እናቶቻችን አዲስ ምጣድ ሲያሟሹ የሚያደርጉትን ማስታወስ ይበቃል። ምጣዱ ይጋላል፣ የተወቀጠ ጎመን ዘር ይታሽበታል፣ ደግሞ ይታሽበታል። ጥሬ የነበረው ሸክላ ቀስ በቀስ ጠቁሮና ለስልሶ እንጀራው የማይዘው ይሆናል። ያ ጥቁር ለስላሳ ነገር ጥላሸት ብቻ አይደለም፤ የዘሩ ዘይት በሙቀት ተለውጦ ጠጣር የሆነ ነው። በእንጨት ላይም የሚደርሰው የዚሁ ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ እሳት የለም፣ ሥራውን የሚሠራው አየር ነው። ዘይቱ ከአየር ውስጥ ኦክስጅን ይወስዳል፤ በኬሚስትሪ ክፍል ድርብ ቦንድ እያልን የተማርነው ቦታ ላይ ሞለኪውሎቹ እርስ በርሳቸው ይያያዙና መረብ ይሠራሉ። ፈሳሽ የነበረው ጠጣር ይሆናል። ስለዚህም የተልባ ዘይት ሲደርቅ ክብደቱ መቀነስ ሲገባው መጀመሪያ ላይ እንዲያውም ይጨምራል፤ ኦክስጅን በልቷልና።

ከዚህ የምንረዳው ማንኛውም ዘይት እንደማይሆን ነው። ድርብ ቦንድ የበዛበት ይደርቃል፤ ያነሰበት አይደርቅም። የተልባ ዘይት በዚህ ረገድ ቀዳሚ ነው፤ ግማሹን ያህል ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው ሦስት ድርብ ቦንድ ያለው ሊኖሌኒክ አሲድ ነው። የኑግ ዘይት ደግሞ አብዛኛው ባለ ሁለት ድርብ ቦንዱ ሊኖሌይክ አሲድ ስለሆነ ይደርቃል፤ ነገር ግን ይዘገያል። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ምንም ድርብ ቦንድ የሌለው ስብ ስለሆነ በእንጨት ላይ ዓመት ቢቆይ አይደርቅም፤ አቧራ ይሰበስባል፣ ይሸታል። ቅቤም እንደዚያው።

ይህንን ሰው ነግሮን ብቻ አላመንነውም። አራት የመስኮት መስተዋት ስባሪ ወስደን በአንዱ የተልባ፣ በሁለተኛው የኑግ፣ በሦስተኛው የፓልም ዘይት፣ በአራተኛው ቅቤ በጣታችን ስስ አድርገን ቀባንና አቧራ በማያገኘው ቦታ አስቀመጥን። ወቅቱ በጋ ነው። በሳምንቱ የተልባው ቆዳ አውጥቶ ጥፍር ሲነካው ይላጥ ነበር። የኑጉ ገና ያጣብቅ ነበር። ሌሎቹ ሁለቱ እንደተቀቡ ነበሩ፤ ቅቤውን እንዲያውም ጉንዳን አግኝቶታል። ለስድስተኛም ሆነ ለሰባተኛ ክፍል ልጆች ከዚህ የቀለለ የሳይንስ ሙከራ ያለ አይመስለንም፤ ወጪው ከአንድ ማንኪያ ዘይት አይበልጥም። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፤ የኑግ ዘይት ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ንጹሕ ኑግ ላይሆን ይችላል። የማይደርቅ ዘይት ከተደባለቀበት ውጤቱ ይበላሻል። ከመጭመቂያው ቤት ዐይን እያየ መግዛት ይሻላል።

በቀለም መሸጫ ቤት “ቦይልድ ሊንሲድ” ተብሎ በቆርቆሮ የሚሸጥ ሲገኝ ከጥሬው ይመረጣል፤ ምክንያቱም በአንድ ቀን ገደማ ይደርቃል። ስሙ የፈላ የተልባ ዘይት ቢሆንም ዛሬ የሚሸጠው በአብዛኛው የፈላ ሳይሆን ማድረቂያ የሚሆኑ የብረት ጨዎች፣ ለምሳሌ የኮባልት ወይም የማንጋኒዝ፣ የተጨመሩበት ነው። ስለዚህ ከወጥ ቤት ዘይት ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ እንዳይቀመጥ። ስለተቃጠለ የሞተር ዘይትም አንድ ቃል እንበል። ምስጥን ይከላከላል እያሉ አጥር የሚቀቡበት አሉ። በእጅ ለሚያዝ ነገር ግን ፈጽሞ አይሆንም። አይደርቅም፤ ከዚያም በላይ በውስጡ በቆዳ ላይ ካንሰር የሚያስከትሉ ነገሮች አሉበት።

አሁን ቫርኒሽን ባልበደለው እንዳንከስሰው። በአሜሪካ ማዲሰን ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1910 የተቋቋመ ፎረስት ፕሮዳክትስ ላቦራቶሪ የሚባል የእንጨት ምርምር ተቋም አለ። እዚያ የተለያዩ ቅቦች እርጥበትን ምን ያህል እንደሚከላከሉ ተፈትሿል። ከአየር የሚመጣን እርጥበት በመከላከል ቫርኒሽ ከተልባ ዘይት በብዙ ይበልጣል፤ የተልባ ዘይት ብቻውን በዚህ በኩል ደካማ ነው። ይህን ስናነብ ከመካከላችን አንዳንዶቹ “ታዲያ ምን ፈለጋችሁ፣ ቫርኒሹ ይሻላል ማለት ነዋ” አሉ። ክርክሩ እስከ እራት ሰዓት ቀጠለ።

ነገር ግን እጀታ የሳሎን ቁምሣጥን አይደለም። ይወድቃል፣ ከድንጋይ ጋር ይጋጫል፣ ጭቃ ይለብሳል፣ በፀሐይ ይውላል። የቫርኒሹ ቆዳ አንድ ቦታ ሲሰነጠቅ ውኃ በዚያ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ግን በቀላሉ መውጣት አይችልም፣ ከቆዳው ሥር ተይዞ እንጨቱን ያጠቁረዋል። ቆዳውም እየተቀረፈ ጠርዙ መዳፍ ይፍቃል። ለማደስ ሲፈለግ ያለውን በሙሉ ፍቆ እንደገና መጀመር ነው። ዘይት የተቀባው ሲደርቅበት ግን አቧራውን ጠርጎ፣ ሌላ ዘይት በጨርቅ ማሸት በቂ ነው፤ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፣ ልጆችም ሊሠሩት ይችላሉ። እርጥበትን በመከላከል የሚያንሰው ዘይት በዕድሳት ያሸንፋል፤ የእኛ ፍርድ ይህ ነው።

እጃችን ለምን ውኃ እንደቋጠረም አሁን ገብቶናል። ወፍራም ቫርኒሽ ላብ አይመጥም። እጅ ሲያልበው እጀታው በአንድ ጊዜ ያንሸራትታል፤ እንዳይንሸራተት አጥብቀን ስንጨብጠው ደግሞ ቆዳችንን ይዞ ይጎትታል። መንሸራተትና መጎተት ሲፈራረቁ ውኃ ይቋጥራል። የገበሬውን እርፍ ያየ ሰው ልብ ብሎ ይሆናል፤ ቫርኒሽ አያውቀውም፣ ከእጅ ብዛት ግን ለስልሶ ያበራል፣ በዝናብም ጊዜ አያዳልጥም።

ሌላው ቁምነገር እጀታው ሲሰነጠቅ መታየት አለበት የሚለው ነው። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ የእንጨት መሰላል እንጨቱን በሚሸፍን ቀለም እንዳይለበጥ የተከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቀለም ስንጥቁን ይደብቃልና። መጥረቢያም ያው ነው። ጥርት ያለ ቫርኒሽ ስንጥቅ ላይሸፍን ይችላል፤ እኛ እንደለበጥነው ወፍራምና ቀለም የገባበት ሲሆን ግን ምን እንደሚያደርግ መጥረቢያው ራሱ አሳይቶናል።

ወደ አሠራሩ እንግባ። መጀመሪያ እጀታው ይመረመራል። ቃጫው ከራስ እስከ እግር ቀጥ ብሎ የወረደ ከሆነ ደግ ነው። ቃጫው አግድም የሚወጣበት ወይም ትልቅ ጉጥ ያለበት እጀታ ምንም ቢቀባ ይሰበራል፤ ዘይት አይባክንበት፣ ይለወጥ። ወይራ ቢገኝ የሚያህለው የለም፤ ጠንካራ ነው፣ ክብደቱም ያስተማምናል። በየትምህርት ቤቱ የሚገኘው ግን በብዛት ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ እርጥቡን ከተሠራ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በጥላ ሥር ለወራት ቆይቶ የደረቀው ይመረጥ። እርጥብ እንጨት ላይ ዘይትም ሆነ ቫርኒሽ መቀባት ድካም ነው።

የቆየ ቫርኒሽ ካለ ይፋቅ። እኛ የፋቅነው ቢላዋን ቀጥ አድርገን ይዘን፣ ስለቱን ወደ ራሳችን እየሳብን ነው። የብርጭቆ ስባሪ የሚጠቀሙ አናጺዎች አሉ፤ ጥሩ ይፍቃል፣ ለልጆች ግን አይሰጥም። ሻካራው ቦታ በሞረድ ይስተካከላል፤ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፣ መጀመሪያ ቁጥር 80፣ ቀጥሎ 120፣ ሁልጊዜ በቃጫው አቅጣጫ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። እጀታው በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ይድረቅ። ሲደርቅ ተኝተው የነበሩት ጥቃቅን ቃጫዎች ይቆማሉ፤ እንደ ጢም ይሻክራሉ። እነርሱን በ120ው ቀለል አድርጎ መላጨት ነው። ይህ ካልተደረገ ጢሙ በመጀመሪያው ዝናብ መዳፍ ውስጥ ይነሣል። ከዚህ በላይ እንደ መስተዋት ማለስለስ አያስፈልግም፤ እጀታ ትንሽ መያዣ ይፈልጋል።

ዘይቱ ሞቅ ቢል ቀጥኖ በደንብ ይገባል። የሚሞቀው ግን የዘይቱን ጣሳ ሙቅ ውኃ ውስጥ በማስቀመጥ ነው፤ እሳት ላይ በቀጥታ ማስቀመጥ ክልክል ነው። ለመጀመሪያው ቅብ ዘይቱን በእኩል አኳራጅ ማቅጠን ይቻላል፤ አኳራጅ ከሌለ ሞቅ ያለው ዘይት ብቻውን ይበቃል። አኳራጅ የተደባለቀበትን ግን ማሞቅ አይገባም፤ የሚወጣው ተን ይቀጣጠላል። በጨርቅ ተነክሮ እጀታው በሙሉ ይታሻል። የተቆረጠው ጫፍ ደግሞ በተለየ ይጠጣ፤ እንጨት ውኃን የሚጠጣው እንደ ገለባ በጫፉ በኩል ስለሆነ ነው። ዘይት ማጠጣቱ በዚህ ቦታ ደጋግሞ፣ መጠጣት እምቢ እስኪል ድረስ ነው።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ በላዩ የቀረው ዘይት በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ ይነሣ። በሙሉ። እኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ስንቀባ ዘይቱ ብዙ ቢሆን ይጠቅማል ብለን ተውነውና በአራተኛው ቀን እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ነገር ሆነ። ፍቀን ጣልነው። ስሱ ይደርቃል፣ ወፍራሙ ከላይ ቆዳ አውጥቶ ከሥር ጥሬ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በጥላ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይሰቀል፤ ማድረቂያ ያለበት ዘይት ከሆነ አንድ ቀን፣ ጥሬ የተልባ ከሆነ ሳምንት ያህል። በክረምት ቀዝቃዛና እርጥብ ስለሆነ ከዚህም ይረዝማል። ሦስት ጊዜ ቢደገም ይበቃል። የውጭ አገር አናጺዎች “ለሳምንት በየቀኑ፣ ለወር በየሳምንቱ፣ ለዓመት በየወሩ፣ ከዚያ በየዓመቱ” ይላሉ። ለቫዮሊን ሠሪ ይሆን ይሆናል፤ ለትምህርት ቤት ዶማ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ፣ ከተቀባ ትልቅ ነገር ነው። ሰም ያለው ሰው ለመጨረሻው ቅብ ጥቂት ንጹሕ የንብ ሰም በሙቅ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ጣሳ አቅልጦ ከዘይቱ ጋር ቢያዋሕድ እጀታው እጅ ላይ ደስ ይላል።

አሁን አንባቢ በጥሞና እንዲያየን የምንፈልገው ቦታ ላይ ደርሰናል፤ የተረፈው ጨርቅ ጉዳይ። ዘይቱ ኦክስጅን ሲወስድ ሙቀት ይሰጣል ማለት ነው። እጀታው ላይ ያለው ሙቀት ወደ አየር ይሄዳል፤ ማንም አያውቀውም። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ግን ተጨማድዶ ጥግ ላይ ሲከመር ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ሙቀቱ ሥራውን ያፋጥናል፣ የተፋጠነው ሥራ ተጨማሪ ሙቀት ይሰጣል፤ ከጥቂት ሰዓቶች በኋላ ክብሪት የነካው ሰው ሳይኖር ይቀጣጠላል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1991 በአሜሪካ ፊላዴልፊያ ከተማ ዋን ሜሪዲያን ፕላዛ የተባለው ባለ 38 ፎቅ ሕንፃ የተቃጠለው እንዲህ ነው፤ እሳቱ የተነሣው ሠራተኞች እንጨት ሲያድሱ በተውት የተልባ ዘይት በነካው ጨርቅ ነበር። ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞተዋል። እዚያ ባለ 38 ፎቅ ሕንፃ ነው፤ በእኛ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ወረቀት፣ የአሮጌ ወንበር ስብርባሪ፣ አንዳንዴም የሣር ክዳን አለ። ስለዚህ ጨርቁ ከሥራ በኋላ አንድ በአንድ ተዘርግቶ ውጭ ሽቦ ላይ ይሰጣ፤ ደርቆ እንደ ካርቶን ሲገትር መጣል ይቻላል። ያ ካልተመቸ ውኃ በሞላ ጣሳ ውስጥ ይነከር። ኪስ ውስጥ አይከተት፤ ይህን የምንለው ከመካከላችን አንዱ ከትቶት ስለነበር ነው።

ወደ መጥረቢያው እንመለስ። ራሱ ሲላላ ሁላችንም የምናውቀው መድኃኒት ውኃ ውስጥ ማሳደር ነው። ጠዋት ጥብቅ ብሎ ይገኛል። ግን ምን ዋጋ አለው! እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ብረቱ ስለማይለጠጥለት ቃጫዎቹ እርስ በርስ ይጨፈለቃሉ፤ ሲደርቅ የተጨፈለቀው ወደ ቦታው አይመለስም። በሁለተኛው ሳምንት ከበፊቱ የባሰ ይላላል። ዘይትም ቢሆን የላላ ራስ አያጠብቅም፤ ይህን ከዘይት የሚጠብቅ ካለ ተስፋውን ይቁረጥ። የሚያጠብቀው ሽብልቅ ነው። ራሱ ይወልቃል፣ እጀታው ይደርቃል፣ ጫፉ ተስተካክሎ እንደገና ይገባል፣ ከደረቀ ጠንካራ እንጨት የተሠራ ሽብልቅ ይመታበታል። ዘይቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጫፉ ዘይት ሲጠጣ ውኃው ቶሎ ቶሎ መግባትና መውጣቱ ይቀንሳል፣ ሽብልቁም ቦታውን ይዞ ይቆያል።

ቫርኒሹን ምን እናድርገው ለሚል፣ ቦታ አለው። የሰሌዳ ማስመሪያ፣ ትልቁ የእንጨት ኮምፓስ፣ የመሣሪያ ሣጥን፣ እነዚህ አልፎ አልፎ የሚያዙ፣ ከጭቃ የራቁ፣ ቅርጻቸው እንዳይዛባ እርጥበት ሊከለከልባቸው የሚገባ ናቸው። ለእነርሱ ቫርኒሽ ከዘይት ይሻላል። የመጀመሪያው ቅብ በእኩል ማቅጠኛ ቀጥኖ፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ስስ ሆነው፣ በመካከሉ ደርቆ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀለል ተደርጎ እየታሸ። አንድ ወፍራም ቅብ ከሦስት ስስ ቅቦች ጊዜ ይቆጥባል ብለን ነበር፤ ወርዶ ወርዶ እንደ ሻማ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ከለበጥናቸው ዛቢያዎች እስካሁን አሥራ አራቱን ፍቀን ዘይት አጠጥተናል፤ ከግምጃ ቤቱ በስተጀርባ በጥላው ተሰቅለዋል፣ ማየት የሚፈልግ መንካትም ይችላል። ስምንቱ ገና ናቸው። ሦስቱ መጥረቢያዎች አዲስ ሽብልቅ እስኪገባላቸው ድረስ ለብቻ ተቀምጠዋል፤ እባካችሁ ወጥ ቤት ተረኞች አትውሰዷቸው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለመፋቅ የሚመጣ ካለ ቢላዋውንና ብርጭቆ ወረቀቱን እኛ እናመጣለን፣ አሮጌ ጨርቅ ግን ይዞ ይምጣ።